ከማንኩሳ እስከ ሎጋን ሰርክል፦ የስደት ልብ ወለድና ገና ያልተጻፈው ተፈናቃይ

የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀመር ከቤት ወጥቶ ነው የጀመረው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳሯ የዘጌ ተወላጅ ናቸው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ»ን፣ በኋላ አንባቢ «ጦቢያ» እያለ የለመደውን፣ ያሳተሙት ግን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። ያነበበ ሰው ታሪኩን ያስታውሰዋል። አባት በጦርነት ይማረካል፤ ልጁ ዋሕድ ውለታ የዋለላቸውን ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ እሱ ራሱ ባርነት ላይ ይወድቃል፤ መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ምርኮ፣ ሽያጭ፣ ፍለጋ፣ የተለወጠ ልብስ፣ በመጨረሻም በባዕድ ምድር የተገኘ ቤት። ዛሬ ዓለም «የስደት ልብ ወለድ» ብሎ ለብቻው የሚደረድራቸው መጻሕፍት ዋና ዋና አጥንታቸው ከመቶ ዓመት በፊት በታተመችው በዚያች ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ይህ ዳሰሳ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ስለ ስደተኛ የተጻፉ ልብ ወለዶች፣ የእኛም የሌላውም፣ ስለ አገርና ስለ ማንነት ምን ነገሩን? ከዓባይ ማዶ ተነቅሎ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ለገባው ሰውስ ምን አላቸው? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ስደተኛ በየበሩ ታሪኩን እንዲያስረዳ ይገደዳል፤ ካሳመነ ይገባል፣ ካላሳመነ ይመለሳል። ከእነዚህ ልብ ወለዶች ታላላቆቹ ሰውየው ምንም ሳያስመሰክር፣ ማንንም ሳያሳምን እንዲናገር የፈቀዱለት ናቸው። በገዛ አገሩ የተፈናቀለው ወገናችን ግን ይህን ፈቃድ ከአማርኛ ልብ ወለድ ገና በወጉ አላገኘም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደው ዋና መንገድ ማንኩሳን አቋርጦ ያልፋል። ማንኩሳ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን የትውልድ ስፍራ ያደረጉት እሷን ነው። መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ፣ የባላባት ሥርዓት ማጋለጫ እያልን ስናነበው ኖረናል፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የመንገድ ልብ ወለድ አድርጌ አነበዋለሁ። በዛብህ ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ ማለትም የቤቱ ልጅ ሳይሆን ገና ከጠዋቱ ለሌላ ቤት የተሰጠ ነው። ለትምህርት ይወጣል፤ ቅኔ ፍለጋ ይሄዳል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲገባም እንግድነቱ አይለቀውም፤ በመጨረሻ ነፍሱን ለማዳን ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። የሚወዳት የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ወንጌል ደግሞ እንደ ጦቢያ ልብሷን ለውጣ፣ የመነኩሴ ቀሚስ አጥልቃ ትከተለዋለች። ሁለቱ በመጨረሻ የሚገናኙት መንገድ ላይ ነው፤ ያም እሱ ሊሞት ሲያጣጥር። ሀዲስ ለሁለቱ አንድ ጣሪያ እንኳ አልሰጧቸውም። ጉዱ ካሳ ደግሞ ከቀዬው ሳይወጣ የተሰደደ ሰው ነው፤ ዘመዶቹ መሀል ተቀምጦ፣ ስሙ እንኳ ተቀይሮበት፣ የራሱ ሰዎች እንደ ባዕድ ያዩታል። ቤት ውስጥ ያለ ስደትን ከእሱ አስበልጦ ያሳየ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ አላውቅም።

በዛብህ የተማረበትን ሥርዓት ቀረብ ብለን እንየው፤ ጎጃም ለዚህ ጉዳይ ያላት ትልቁ መልስ እዚያ ውስጥ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪ ከዘመዱ በሩቅ አገር ይማራል። ደበሎ ይለብሳል፣ አኩፋዳ ያንጠለጥላል፣ ውሻ መከላከያ ዱላ ይይዛል። ዋሸራ ይሁን ዲማ ወይም ጎንጅ፣ ጉባኤው ዳር ጎጆ ቀልሶ ይገባል። ሲርበው በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ቁራሽ ታወጣለታለች፤ ያልተረፋት «እግዜር ይስጥልን» ትለዋለች። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ወረዳ መጣህ፣ ለምን ከአገርህ ወጣህ ብላ አትመረምረውም። ኑሮው ቀላል ነበር እያልኩ አይደለም፤ ረኃቡም፣ በሽታውም፣ የውሻ ንክሻውም ብዙ ልጅ በልቷል። ሆኖም እንጀራ ለማግኘት ታሪኩን መሸጥ አልነበረበትም። ታሪኩን የሚናገረው ማታ በጎጆው ለባልንጀሮቹ፣ ሲነጋም በቅኔው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ነጻ ነው።

ይህን ደጅ በአእምሯችን ይዘን ወደ ሌላ ደጅ እንሂድ። በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው የዛንዚባሩ አብዱልራዛቅ ጉርናህ በ2001 እ.ኤ.አ. «በባሕሩ ዳር» ሊባል የሚችል ልብ ወለድ አሳተመ። ሳሌህ ዑመር የሚባል ሽማግሌ ለንደን ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ስሙን ትቶ የሌላ ሰው ስም ይዟል። እንግሊዝኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ቲኬት የሸጠለት ሰው ግን አትናገር ብሎ መክሮታልና እንደማያውቅ ይሆናል፤ ከአፉ የሚወጣው ጥገኝነት መጠየቁን የሚያሳውቅ ቃል ብቻ ነው። መርማሪው ሻንጣውን ይፈትሽና ከአገሩ ይዞት የወጣውን የዕጣን ሣጥን ያገኛል፤ ከፍቶ ያሸታል፣ ለራሱም ያስቀረዋል። ሽማግሌው አፉን ዘግቶ ያያል፤ ውስጡ ግን ስለዚያ ዕጣን፣ ከየት አገር በምን መርከብ እንደ መጣ፣ ሣጥኑን ማን እንደ ሰጠው አንድ ሙሉ ታሪክ ይናገራል። ያን ታሪክ መርማሪው አይሰማውም፤ እኛ አንባቢዎች እንሰማዋለን። የቀረው መጽሐፍ ሳሌህ ዑመርና ስሙን የወሰደበት ሰው ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ፣ የቆየ የቤተሰብ ቂም በየተራ ሲተራረኩ ነው። እርቅ እንደ ሽምግልና በንግግር ይመጣል። የጎጃም አንባቢ ይህን መጽሐፍ ቢያገኘው እንደ ቤቱ ያነበዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛው እንመለስ። ከጠላት ወረራ ዘመን የተረፈልን የስደት ጽሑፍ በአብዛኛው ማስታወሻ ነው። ሀዲስ ራሳቸው ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። የደብረ ማርቆሱ ተመስገን ገብሬ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ተርፈው ሱዳን ገብተዋል፤ «ሕይወቴ» ያንን ዘመን የሚተርክ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያሰናዱት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠው ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው፣ በበላያ አድርገው፣ በቡሬና በደምበጫ መስመር ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ስደተኛ ንጉሥ ወደ ዙፋኑ የተመለሰበት መንገድ ዛሬ ተፈናቃይ የሚመላለስበት ይኸው መንገድ ነው። አንድም ደራሲ ይህን ጉዞ ከተከተሉት የግመል ነጂዎች ወይም ከቡሬ ገበሬዎች ዓይን ሆኖ በልብ ወለድ ሙሉ አድርጎ ቢጽፈው እንዴት ያለ መጽሐፍ ይሆን ነበር!

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የወጣው ትውልድ ልጆች ግን ልብ ወለድ ጻፉ፤ የጻፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ከእነሱ መሀል ከሁሉ አስቀድሜ የማስነብበው ዲናው መንግሥቱን ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በሁለት ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ፣ ኢሊኖይ ፒዮሪያ አደገ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ዋና ሰው ስጳ እስጢፋኖስ ይባላል፤ አባቱን የደርግ ወታደሮች ሲወስዱ አይቶ የወጣ ሰው ነው፣ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አካባቢ የምትንገዳገድ ሱቅ አለችው። ማታ ማታ ከኬንያና ከኮንጎ ከመጡ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጠው የአፍሪካ መፈንቅለ መንግሥት ይጠያየቃሉ፤ አንዱ የአምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌላው አገሩንና ዓመቱን ይመልሳል። ጨዋታው ቀስ እያለ ያማል። ሦስቱም ከቤታቸው ያስወጣቸውን ነገር በሌላ መንገድ ሊያወሩት አልቻሉም። ያች ሱቅ ውስጥ ስጳ የሚያርፍበት ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤቱን ትንሽ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ዶስቶየቭስኪን ጮክ ብሎ ሲያነብላት።

ሁለተኛው መጽሐፉ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ለዚህ ዳሰሳ ጥያቄ እምብርቱ ነው። ዮናስ ወልደማርያም ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኞችን በሚረዳ ቢሮ ይሠራል። ሥራው ጥገኝነት ጠያቂዎች የጻፉትን ቃል ማስተካከል ነው። ሰዎቹ የደረሰባቸውን በሁለት መስመር ጽፈው ይመጣሉ፤ ይህ ለዳኛ አይበቃም። ዮናስ ይጨምርበታል፤ እሳት ባልነበረበት እሳት፣ ወታደር ባልነበረበት ወታደር ያስገባል። ውሸት ነው? መጽሐፉ ቀላል መልስ አይሰጥም። ሰውየው በእውነት ተሰቃይቷል፤ ነገር ግን ስቃዩ ለሌላ ሰው ጆሮ በሚጥም መንገድ ካልቀረበ አይቆጠርለትም። በኋላ ዮናስ መምህር ይሆንና የአባቱን ከሱዳን ወደብ በመርከብ፣ በሣጥን ተደብቆ የመውጣት ታሪክ ለተማሪዎቹ ቀን በቀን ይተርክላቸዋል። አባቱ ደግሞ ለልጁ ያወራው ነገር እምብዛም ነው። ስለዚህ ልጅ የማያውቀውን አባት በልቡ ይፈጥረዋል፤ ፈጥሮትም ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝንለታል። ለቢሮው ሲል የጨመረውና ለተማሪዎቹ የጨመረው ፈጠራ አንድ ዓይነት ይመስላል፣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ የመጀመሪያው ማኅተም ለማግኘት ነው፣ ሁለተኛው አባት ለማግኘት ነው። ስለ ስደትና ስለ ተረት ግንኙነት ካነበብኳቸው ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም።

በዚሁ ጥያቄ ኢራናዊው ዳንኤል ናየሪም በ2020 እ.ኤ.አ. ለልጆች በጻፈው መጽሐፍ መጥቷል፤ ኦክላሆማ ክፍል ውስጥ ቆሞ የፋርስ አያቶቹን ታሪክ ሲተርክ የማያምኑት ልጆች መሀል ያለ ልጅ ነው፣ እንደ ሺህ አንድ ሌሊቷ ሸህራዛድ ታሪኩን ካቋረጠ የሚጠፋ የሚመስለው። ልብ ወለድ ደራሲው ሞህሲን ሐሚድ የጻፋቸው ስደተኞች ደግሞ በአስማት በር ከአገር ወደ አገር ይሻገራሉ። ብልህ መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም መንገዱን ራሱን ዘሎታል፣ ለእኔ ደግሞ ስደት ማለት ግማሹ መንገዱ ነው። መተማንና የሱዳንን በረሃ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ባለበት አገር ያ በር አያጽናናም።

የልጆች ስደት ሌላ ምዕራፍ ነው። ቤንጃሚን ዘፋንያ በ2001 እ.ኤ.አ. የጻፈው ልብ ወለድ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነች ዓለም የሚባል ልጅ ይዞ ይነሣል፤ ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ በሁለቱም ወገን ጠላት የሚባል ልጅ ነው። አባቱ ለጉብኝት አስመስሎ ወደ እንግሊዝ ይወስደውና አንድ ሌሊት ሆቴል ውስጥ ትቶት ይመለሳል፤ ልጁን ለማዳን። ይህን መጽሐፍ ወደ መድረክ ያመጣው ገጣሚው ለምን ሲሳይ መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ለምን ራሱ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወልዶ፣ ኖርማን የሚል ስም ወጥቶለት፣ በማደጎ ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ያወቀው ጎረምሳ ከሆነ በኋላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ጦቢያና ሰብለ ልብሳቸውን ለወጡ፤ ሳሌህ ዑመር በሌላ ሰው ስም ገባ፤ በዲናው ሦስተኛ መጽሐፍ ያለው ኢትዮጵያዊም የጓደኛውን ስም ይዞ አሜሪካ ይኖራል፤ የለምን ሲሳይን ስም ደግሞ ሌሎች ለወጡበት። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን መሀል ዕድሜያቸውና ስማቸው በፓስፖርት የተለወጠባቸውን እናውቃለን። ማንነት በነዚህ መጻሕፍት ከአገር ይዞ የሚወጣ ጓዝ አይደለም፤ ለማለፍ ሲባል የሚጣል፣ በኋላም በብዙ ድካም የሚፈለግ ነው።

ሱለይማን አዶንያ ከሁሉ በተለየ ቦታ ቆሟል። ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ተወልዶ ልጅነቱን በሱዳን መጠለያ ያሳለፈ ደራሲ ነው፤ ዛሬ ብራሰልስ ይኖራል፣ እዚያም ስደተኞች ጽሑፍ የሚማሩበት ትምህርት ቤት መሥርቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ልብ ወለዱ ከመጠለያው አይወጣም። ሳባ መማር የምትፈልግ ልጅ ናት፤ መጠለያው ግን ትምህርት ቤት የለውም። ወንድሟ ሐጎስ አይናገርም። እሱ የሴት የተባለውን ሥራ፣ እሷ የወንድ የተባለውን ድርሻ ሲይዙ ሰፈሩ ያጉረመርማል፤ ሰዎች አገራቸውን አጥተው እንኳ ሐሜቱንና ፍርዱን ይዘው መጥተዋል። አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ወጥሮ፣ መሀሉን በአራት ማዕዘን ቀዶ «ሲኒማ» ይለዋል፤ በቀዳዳው የሚታየው ፊልም የነሳባ ግቢ ነው። በዚያ የአንሶላ ቀዳዳ አዶንያ ትልቅ ነገር አሳይቷል። መጠለያ ውስጥ ግድግዳ የለም፤ ሁሉ ሰው ይታያል፤ መታየት ግን መታወቅ አይደለም። እርዳታ ሰጪው የሳባን ረኃብ ያያል። ፍላጎቷን፣ ቁጣዋን፣ የሥጋ ምኞቷን፣ ትዕቢቷን የጻፈላት ደራሲው ብቻ ነው። አንዳንድ አንባቢ በመጽሐፉ ድፍረት ይደነግጥ ይሆናል፤ እኔ ስደተኛን ቅዱስ ምስኪን አድርጎ ከመሳል ይህ እጅግ ይበልጣል እላለሁ።

እንግዲህ ጉድለቱን እንናገር። ከላይ ያነሣኋቸው ሁሉ ከሞላ ጎደል ድንበር የተሻገረውን ሰው የሚከተሉ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም በግድ የተፈናቀለውን ሕዝብ 123.2 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሮታል፤ ከዚህ ውስጥ 73.5 ሚሊዮኑ ከአገሩ ድንበር ያልወጣ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመከራ ታሪክ ባሕር የለውም፣ አውሮፕላን ማረፊያ የለውም፣ የውጭ ቋንቋ የሚናገር መርማሪ የለውም። ስለዚህ ለለንደን አሳታሚ አይመችም። ለእኛ ግን ደጃችን ነው።

ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከነቀምት የሚመጣው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ የሚገባው እሷ ጋ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋ የሸሹ ቤተሰቦች በዚህ አቅጣጫ ወደ ጎጃም ገብተዋል፤ ከመተከል የወጡት ደግሞ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሰፍረው ነበር። የነዚህ ሰዎች ታሪክ ለልብ ወለድ የሚያቀርበው ጥያቄ ከሎጋን ሰርክሉ የከረረ ነው። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የተወሰዱ፣ ወይም መሬት ፍለጋ ከጎጃም በገዛ እግራቸው ወርደው ያቀኑ ናቸው። ልጆቹ የተወለዱት እዚያው ነው፤ ኦሮምኛም ሆነ የሌላ ጎረቤት ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ የሚያውቁት ወንዝ የዚያ ነው። ሲባረሩ «ወደ አገርህ ሂድ» ተባሉ። ቡሬ ሲደርሱ ደግሞ «ከወለጋ የመጡ» ይባላሉ። የአያቱን መንደር በወሬ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ወደዚያ «ተመለሰ» ተብሎ ይመዘገባል። ስጳ እስጢፋኖስ ቢያንስ የሚናፍቀው ከተማ አለው፤ ይህ ልጅ የናፈቀውን ቀበሌ ስም መጥራት እንኳ ያስፈራዋል።

ይህን ሰው እስካሁን የምናገኘው በመዝገብና በዜና ነው። መዝገቡ የአባወራ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመጣበትን ወረዳ ይጠይቃል፤ ለስንዴ ክፍፍል ያስፈልጋልና አይነቀፍም። ዜናው ደግሞ የሞተውንና የተቃጠለውን ያስቆጥረዋል። ለፖለቲካ ክርክር የሚፈልገው ሰውም ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ሁሉም እንደ ዮናስ ቢሮ ናቸው፤ ከታሪኩ የሚጠቅማቸውን ይወስዳሉ። አልፎ አልፎ ስለ መፈናቀል በአማርኛ የወጡ ጽሑፎችም ወደ ክስ ያደላሉ። ክሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከስሶ ያበቃ መጽሐፍ ሰውየውን ዳግመኛ ምስክር ብቻ ያደርገዋል። ጎረቤቱ እንዴት እንደ ደበቀው፣ ሌላው ጎረቤቱ እንዴት እንደ ጠቆመበት፣ ሚስቱ ስትወጣ ምጣዷን ለምን ይዛ እንደ ወጣች፣ ልጁ ቡሬ ትምህርት ቤት ገብቶ አነጋገሩ ሲያስቅበት ምን እንደ መለሰ፣ ይህ ሁሉ ለክስ አይጠቅምም፤ ለልብ ወለድ ግን ነፍሱ ነው።

አንባቢ የለም የሚል መከራከሪያ አልቀበልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሕዝብ ሥራ አቁሞ ሰምቶታል። የጎጃም ገበሬ ለበዛብህ ያለቀሰው በጆሮው ሰምቶ ነው። ዛሬም ጥሩ ተራኪ፣ ጥሩ መጽሐፍና አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ከተገናኙ ሰሚው አለ።

ስለዚህ የምለው ለሦስት ወገን ነው። አሳታሚዎች ሆይ፣ የጉርናህን፣ የዲናውንና የአዶንያን መጻሕፍት በጥሩ አማርኛ አስተርጉማችሁ ዋጋቸው የክፍለ ሀገር አንባቢ ኪስ በሚችለው አድርጋችሁ አቅርቡ፤ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ብቻ አይቅሩ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና በቡሬ ካምፓሱ፣ በፍኖተ ሰላምም በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የቋንቋ መምህራን፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስታስተምሩ ከተማሪዎቻችሁ መሀል ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ሊኖር እንደሚችል አስባችሁ የበዛብህን መንገድ በመንገድነቱ አስነብቡት፤ የራሱን መንገድ መጻፍ ከፈለገ ወረቀትና ጊዜ ስጡት፣ ካልፈለገም አታስገድዱት። ወጣት ደራሲዎች ደግሞ ቡሬ ሂዱ። ቅጽ ይዛችሁ ሳይሆን ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ቡና ሲፈላ ተቀመጡ፣ የሚነግሯችሁን ስሙ፣ ስማቸውን ደብቁላቸው፣ ከዚያም ጻፉት።